አራሹን የሚያድን፣ በሬውን የማያድን፦ የደም ስብ ተሸካሚዎችና የገንዲ በሽታ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

በዳቡስ፣ በበለስና በዓባይ ሸለቆዎች ከብት የሚያረባ ሰው ገንዲን አሳምሮ ያውቀዋል። በሬው ፀጉሩ ይቆማል፣ ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፤ በእርሻ ወቅት ቀንበር መሸከም ያቅተውና ይተኛል። በሽታውን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ፣ ማለትም ፄፄ፣ በሬውን ብቻ መርጣ አትነክስም። ከሞፈሩ ኋላ የቆመውን አራሽም ትነክሳለች፤ በሬውን የጣለውን ተውሳክም፣ ማለትም ትሪፓኖሶምን፣ በደሙ ውስጥ ትጨምርበታለች። ሆኖም ሰውየው በገንዲ አይያዝም። ለምን?

መልሱ ያለው ብዙዎቻችን ከልብ ሕመም ጋር ብቻ አያይዘን በምናስባቸው ቅንጣቶች ውስጥ ነው፤ ስብን በደም ውስጥ በሚያጓጉዙት ሊፖፕሮቲኖች። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስብ በውኃ አይሟሟም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ሰውነት ትራይግሊሰራይድንና ኮሌስትሮልን በፎስፎሊፒድና በፕሮቲን ሸፍኖ በጥቃቅን ቅንጣቶች መልክ ያመላልሳል። ከኑግ፣ ከሰሊጥ ወይም ከለውዝ የተገኘ ዘይት ከአንጀት የሚነሳው ካይሎማይክሮን በሚባሉ ትልልቅ ቅንጣቶች ተጭኖ፣ በሊምፍ ቧንቧ በኩል ነው። ጉበት የራሱን ስብ በቪኤልዲኤል ይልካል፤ ይህም ጭነቱን በየጡንቻውና በየስቡ ሲያራግፍ ኮሌስትሮል ወደበዛበት ኤልዲኤል ይለወጣል። ኤችዲኤል ከሁሉም ትንሹና እፍጋቱ የበዛ ነው፤ ስፋቱ ከ7 እስከ 12 ናኖሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት የሚመልስ «ጥሩ ኮሌስትሮል» ይሉትና ያልፉታል። ስያሜው ለሕዝብ ትምህርት አመቺ ቢሆንም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ኤችዲኤል የሚሸከማቸው ፕሮቲኖች በዓይነት በርካታ ናቸውና፣ አንዳንዶቹም ከስብ ጉዞ ጋር ያላቸው ዝምድና ጥቂት ነው።

ፈረንሳዊው ላቬራን የሰው ሴረም ትሪፓኖሶሞችን እንደሚገድል ያስተዋለው በ1902 ነበር። ገዳዩ ነገር በኤችዲኤል ውስጥ እንደሚገኝ እስኪታወቅ ግን እስከ 1978 መጠበቅ ግድ ሆኗል። ኋላ ላይ እንደተረጋገጠው ኤችዲኤል ሁሉ ይህ ኃይል የለውም። ኃይሉ ያለው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂት የሆነ አንድ ክፍል ጋር ነው፤ ይህ ክፍል ከተለመደው የኤችዲኤል ፕሮቲን ከአፖኤ-1 በተጨማሪ ሁለት ፕሮቲኖችን ይይዛል፦ ሃፕቶግሎቢን መሰል ፕሮቲንና አፖሊፖፕሮቲን ኤል-1 (አፖኤል-1)። ተውሳኩን በቀጥታ የሚገድለው ሁለተኛው መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው።

አገዳደሉ ተውሳኩን በገዛ ምግቡ የማጥመድ ያህል ነው። ትሪፓኖሶም በደም ውስጥ ሲኖር ብረት ያዘለውን ሂም የሚያገኘው ሄሞግሎቢን ተሸክሞ የሚዞረውን ሃፕቶግሎቢን በመዋጥ ነው፤ ለዚህም ልዩ ተቀባይ አለው። ሃፕቶግሎቢን መሰሉ ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ይዞ ሲቀርብ ተቀባዩ አይለየውም፤ ቅንጣቱን እንዳለ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በተውሳኩ አሲዳማ ከረጢት ውስጥ አፖኤል-1 ከቅንጣቱ ተላቆ በሽፋን ላይ ይተከልና የአዮን መተላለፊያ ቀዳዳ ይሆናል። ጨው ይገባል፣ ውኃ ይከተላል፣ ተውሳኩ አብጦ ይፈነዳል። ይህ ሂደት በዝርዝር የተጠናው በትሪፓኖሶማ ብሩሲ ላይ ነው። በክልሉ ከብቶች ላይ በብዛት የሚገኙት ኮንጎሌንሴና ቫይቫክስም ቢሆኑ የሰው ሴረም አይስማማቸውም።

እዚህ ላይ የበሬውን ደም መመልከት ያስፈልጋል። የላም ዘር ከሰው ይልቅ የኤችዲኤል ባለጠጋ ነው፤ በሰው ደም ኮሌስትሮል በአብዛኛው በኤልዲኤል ሲጓዝ በከብት ደም የሚጓዘው በኤችዲኤል ነው። በ«ጥሩ ኮሌስትሮል» ሚዛን ከተለካ በሬው ከአራሹ የተሻለ ጤና ሊኖረው ይገባ ነበር። ነገር ግን አፖኤል-1 የለውም፤ ይህ ፕሮቲን የሰውና የጥቂት የአፍሪካ ዝንጀሮ ዝርያዎች ሀብት ነው። ይባስ ብሎ ትሪፓኖሶም ለማደግ የሚያስፈልገውን ኮሌስትሮል ከእንስሳው ሊፖፕሮቲን ይወስዳል፤ የበሬው ኤችዲኤል ለጠላቱ ቀለብ ነው። በእኔ እምነት የአንድን ቅንጣት ጥቅም በተሸከመው ኮሌስትሮል መጠን ብቻ መለካት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የኤችዲኤል ቁጥርም ስለ አፖኤል-1 የሚነግረን ምንም የለም።

የፕሮቲኑን ዋጋ በሰው ላይ ያሳየው ከህንድ የተዘገበ አንድ ሕመምተኛ ነው። ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ግመልና ፈረስን በሚያጠቃው ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ ታመመ። በ2006 የታተመው ምርመራ እንዳሳየው ከእናትም ከአባትም የወረሳቸው የአፖኤል-1 ዘረ-መሎች የተበላሹ ነበሩ፤ ፕሮቲኑ በላቦራቶሪ ተሠርቶ ሴረሙ ላይ ሲጨመር ግን ተውሳኩን የመግደል ኃይሉ ተመለሰ።

ሆኖም ይህ መከላከያ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። ሮዴሲየንሴ የሚባለው የብሩሲ ዝርያ ኤስአርኤ በተባለ ፕሮቲን አፖኤል-1ን አንቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውን የእንቅልፍ በሽታ ያስይዛል። በአገራችን ይህ በሽታ በ1967 ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ በስተደቡብ በምትገኘው ጋምቤላ፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ታወቀ። ለአሥርተ ዓመታት ከጠፋ በኋላም በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና ተገኝቷል።

የሰው ዘረ-መልም ለዚህ ትግል የራሱን መልስ ሰጥቷል። ጂ1 እና ጂ2 የሚባሉት የአፖኤል-1 ልዩ ልዩ ቅርጾች በምዕራብ አፍሪካ ተስፋፍተዋል፤ በተለይ ጂ2 ከኤስአርኤ ያመልጣል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከሁለቱም ወላጆች እነዚህን ቅርጾች የወረሰ ሰው ለኩላሊት በሽታ ይጋለጣል። ከአፍሪካውያን አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያውያን ናሙናዎች ውስጥ እነዚህን ቅርጾች አላገኘም፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ለተወሰነ የኩላሊት ሕመም ያለመጋለጣቸውንም በዚሁ አብራርቷል። ግኝቱን እቀበላለሁ፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ስያሜ ግን እንዳለ አልቀበልም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ማኦና ኮሞ የናይል-ሰሃራና የኦሞ ቋንቋዎች ተናጋሪ ሕዝቦች ናቸው፤ ለብዙ ትውልድም ከፄፄ ጋር ኖረዋል። የደጋው ሕዝብ ናሙና ስለ እነርሱ ዘረ-መል ሊመሰክር አይችልም።

ለከብቱስ? መተከል ላይ በ2000 የታተመ ጥናት ከአንድ በላይ መድኃኒት የለመዱ ኮንጎሌንሴ ተውሳኮችን በመንደር ከብቶች ላይ አግኝቷል። በእጃችን ያሉት ዋና መድኃኒቶች፣ ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም፣ ለአሥርተ ዓመታት ሳይቀየሩ የቆዩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ባለሙያ ይወጋሉ። ኤስአርኤ የማያሸንፈው የዝንጀሮ አፖኤል-1 የተሰጣቸው አይጦች ሰውን ከሚያጠቃው ተውሳክ ሳይቀር እንደዳኑ በ2009 ታይቷል፤ ዘረ-መሉን ወደ ከብት የማሻገር ሐሳብም ከዚያ የመነጨ ነው። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ለዘንድሮ እርሻ ግን አይደርስም። ለጊዜው ዝንቧን በወጥመድና ከብት ላይ በሚፈስ ፀረ-ነፍሳት መቀነስ፣ መድኃኒቱንም በምርመራ ብቻ መስጠት ይሻላል።

በአሶሳ፣ በካማሺና በመተከል ጤና ተቋማት የምትሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትኩሳቱ ያልበረደለትና ወባ ያልተገኘበት ሰው ከፄፄ ቆላ ከመጣ፣ ለወባ ያዘጋጃችሁትን ያንኑ የደም ስላይድ ለትሪፓኖሶምም መርምሩት።