ኮኢንዛይም

ኮኢንዛይም ብዙ ኢንዛይሞች ያለ እሱ ሥራቸውን መሥራት የማይችሉት፣ ራሱ ግን ፕሮቲን ያልሆነ አነስተኛ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ነው። ኢንዛይሙ የትኛው ንጥረ ነገር ተይዞ ወደ ምን እንደሚለወጥ ይወስናል፤ ኮኢንዛይሙ ደግሞ በለውጡ መሀል ኤሌክትሮን፣ ሃይድሮጅን ወይም የካርቦን ቁራጭ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያደርሳል። ኮኢንዛይሙ የተለየው ፕሮቲን አፖኢንዛይም ይባላል፤ ቅርጽ አለው፣ ሥራ ግን የለውም። ዚንክና ማግኒዥየምን የመሰሉ ማዕድናትም ኢንዛይሞችን ያግዛሉ፤ እነሱ የሚመደቡት ኮፋክተር በሚባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው።

ነገሩ የታወቀው በእርሾ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 ሕይወት ያለው ሴል ሳይኖር ከእርሾ የተጨመቀ ጭማቂ ብቻውን ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ። በ1906 ለንደን ውስጥ አርተር ሃርደንና ዊሊያም ያንግ ይህንኑ ጭማቂ በጄላቲን ማጣሪያ አሳለፉት። ማጣሪያው ላይ የቀረው ፕሮቲን ስኳሩን አላብላላም፤ ያለፈው ፈሳሽም አላብላላም። ሁለቱ መልሰው ሲቀላቀሉ ግን መብላላቱ ቀጠለ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ያለፈው ፈሳሽ ፈልቶም ኃይሉን አለማጣቱ ነበር፤ ፕሮቲን ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ባበላሸው ነበር። በፈሳሹ ውስጥ ከነበሩት ንጥረ ነገሮች ዋናው ዛሬ ኤንኤዲ የሚባለው ኮኢንዛይም ነው። ሃርደን እና በዚሁ ጉዳይ ላይ ብዙ የደከመው ሃንስ ፎን ኦይለር-ኬልፒን በ1929 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

የኤንኤዲን ሥራ ለማየት የጠላ ጋን ይበቃል። እርሾው ግሉኮስን ሲሰባብር ኤንኤዲ ሃይድሮጅን ይቀበላል። በሴሉ ውስጥ ያለው ኤንኤዲ ጥቂት በመሆኑ የያዘውን ካላስረከበ የግሉኮሱ መሰባበር ይቆማል፤ እርሾውም ኃይል ያጣል። ኦክስጅን በሌለበት ሃይድሮጅኑን የሚረከበው ከግሉኮሱ የተገኘው አሴታልዲሃይድ ነው፤ ተረክቦም አልኮል ይሆናል። ጠጪው የሚፈልገው አልኮል እንግዲህ ለእርሾው ኤንኤዲን ነፃ ካወጣ በኋላ የሚጣል ትርፍ ነው። በብርቱ ሩጫ ኦክስጅን ያጠረው ጡንቻም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል፤ እሱ ግን ሃይድሮጅኑን ከግሉኮስ መሰባበር ለሚገኘው ፓይሩቬት ሰጥቶ ላክቴት ያመርታል።

ይህ ምልልስ ቫይታሚን በሚሊግራም ብቻ የሚበቃበትን ምክንያት ይገልጻል። አብዛኞቹ የቢ ቫይታሚኖች በሰውነት ውስጥ ወደ ኮኢንዛይምነት ይለወጣሉ፤ አንዱ ሞለኪውልም ሳያልቅ ደጋግሞ ያገለግላል። ለአዋቂ ሰው በቀን 1.2 ሚሊግራም ገደማ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) በቂ ነው። ያቺ ጥቂት መጠን ስትጓደል የሚከተለው ጉዳት ግን ከባድ ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ክርስቲያን አይክማን በ1890ዎቹ በጃቫ ደሴት የተፈተገ ሩዝ ብቻ የሚመገቡ ዶሮዎች እግራቸው ሲዝል፣ ያልተፈተገ ሲሰጣቸው ሲያገግሙ ተመለከተ። ሩዙ ሲፈተግ የሚወገደው ገለባ ቲያሚን የያዘ ነበር፤ በሰዎች ላይ ተመሳሳዩ ሕመም ቤሪቤሪ ይባላል። ከቲያሚን የሚሠራው ኮኢንዛይም ከሌለ ፓይሩቬት ወደ ቀጣዩ የኃይል ማምረቻ ደረጃ አይሻገርም፤ ብዙ ኃይል የሚፈልጉት ነርቭና ልብም ይጎዳሉ።

መድኃኒትም ኮኢንዛይምን ሊነካ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ከቫይታሚን ቢ6 የሚገኘውን ኮኢንዛይም ሥራ ያውካል። እጅና እግር እንዳይደነዝዝ ለታማሚዎች ቢ6 አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ሌላው የቢ ቫይታሚን ፎሌት ነው፤ ከእሱ ወይም ሰው ሠራሽ መልኩ ከሆነው ፎሊክ አሲድ የሚሠራው ኮኢንዛይም ነጠላ ካርቦን እያቀበለ ዲኤንኤ እንዲሠራ ያግዛል። ይህ በተለይ በፅንስ ላይ ወሳኝ ነው፤ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የፅንሱ ነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ፅንሱ ከተፈጠረ በአራት ሳምንት ገደማ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ፎሌት ከጎደለ ቱቦው ሳይዘጋ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል፤ በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶችም የዚህ ጉዳት መጠን ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወሰድ ይመክራል። እርግዝና ያሰበች ሴት መውሰድ መጀመር ያለባት ከማርገዟ በፊት ነው።