አፈ ንጉሥ ነሲቡና በቃል የቀረው ፍርድ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ቀጥሎ ከፍተኛው የፍርድ ወንበር የአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበር። «አፈ ንጉሥ» ማለት እንደ ቃሉ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ባለማዕርጉ በንጉሡ ስም ይፈርዳል፤ የንጉሡንም ፍርድ በአደባባይ ያሰማል። የዚያን ዘመን ዳኝነት ብርታትም ድካምም በዚህ ስም ውስጥ ይገኛል።

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ ባላገሩን ወደ ችሎት ከሚያስኬዱት ጉዳዮች ዋነኛው ርስት ነበር። በመንዝ፣ ማለትም በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በጌራ ምድር፣ መሬት ይያዝ የነበረው በአጽመ ርስት ነው። ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ማስረጃው የትውልድ ቆጠራና የሽማግሌ ምስክርነት ነው። ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ይነሣል፤ ዋስ ይጠራል፤ ውርርድም ይገባል። የተረታው ወገን ከጭቃ ሹሙ ጀምሮ በየደረጃው ይግባኝ እያለ እስከ ንጉሡ ሊደርስ ይችላል። መናገሻው አንኮበር በነበረበት ጊዜ ችሎቱ ለመንዝ ጎረቤት ነበር፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን መንገዱ ረዘመ። የመርሐ ቤቴውም ሰው የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነበረበት።

በችሎቱ አስቀድሞ አስተያየቱን የሚሰጠው የበታቹ ዳኛ ነው፤ ታላቁ በመጨረሻ ይናገራል። ታናሹ ታላቁን ፈርቶ እንዳይፈርድ የተዘረጋ ብልህ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን ፍርዱ በቃል ተሰጥቶ በሰሚዎቹ ትዝታ ይቀራል። ሰሚዎቹ ሲያልፉ የልጅ ልጅ ያንኑ ክርክር እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል።

በዚሁ ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር ሰር ጆርጅ ጄሰል የሚባል ስመ ጥር ዳኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ተወልዶ በ1873 «ማስተር ኦፍ ዘ ሮልስ» ተብሎ ተሾመ፤ ትርጉሙ የጥቅል መዛግብት አለቃ ማለት ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1883 በዚሁ ሥልጣን ቆየ። ጄሰልም ፍርዱን ለሌላ ቀን ሳያሳድር፣ ክርክሩ እንዳበቃ በቃሉ በመስጠት የታወቀ ነበር። በ1875 አንድ የፈጠራ ባለቤት ወደፊት የሚያገኘውን ፓተንት ጭምር ለኩባንያ ለማስተላለፍ የገባውን ውል መርምሮ፣ ዐዋቂ ሰው በነጻ ፈቃዱ የገባው ውል ሊጸና ይገባል ሲል ፈረደ። ይህ ፍርድ በሕግ ዘገባዎች ታትሞ ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

እንግዲህ በዚህ ረገድ ሁለቱን ዳኞች የሚለያቸው የቃላቸው ክብደት አይደለም፤ ከወንበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው።

ምኒልክም ይህንን ጉድለት ሳያዩት አልቀሩም። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የመጀመሪያው የፍርድ ሚኒስትር አደረጓቸው። አገሪቱ በስድስት የዳኝነት ክፍሎች ተከፈለች፤ ለየክፍሉም ዳኞችና ጸሐፊዎች ተመደቡ። በዚህም የንጉሥ አፍ የነበሩት ሰው መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ።

ሆኖም ፍርድን መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የተጻፈውን አሳትሞ ለተከታዩ ዳኛ ማድረስ ሌላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ሲወጣ አፈ ንጉሡ የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፍርዶችን ከነምክንያታቸው ያወጣ የነበረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ግን የተጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከነሲቡ ሹመት 56 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም አጽመ ርስቱ ራሱ ቀረ።

መሐንዲስ ድልድይ ሠርቶ ሥሌቱን ባያኖር፣ ድልድዩ ቢቆምም ተከታዩ ባለሙያ ከባዶ ይጀምራል። በዳኝነትም እንዲሁ ነው። የአፈ ንጉሥ ነሲቡ ስምና ማዕርግ በታሪክ ተጽፏል፤ በቃል የፈረዱት ፍርድ ምክንያት ግን ከሰሚዎቹ ጋር አልፏል።