አሻራው ወደ ፋይሉ ወይስ ፋይሉ ወደ አሻራው? በክላውድ ሰርቨር ላይ የሚደረግ የቫይረስ ፍተሻ ከካርቲየ 4 ሲታይ

በክላውድ ሰርቨር ላይ የሚደረግ የቫይረስ ፍተሻ ሁለት መልክ አለው። አንዱ፣ አንቲቫይረስ ሰርቨሩ ላይ ተጭኖ አዲስ ፋይል በገባበት ቅጽበት፣ የቆየውን ደግሞ በየሌሊቱ ሲፈትሽ ነው። ሌላው፣ ፋይሉ ወደ ውጭ የፍተሻ አገልግሎት ተልኮ ውጤቱ ብቻ ሲመለስ ነው። በመጀመሪያው የቫይረሱ መለያ አሻራ ወደ ፋይሉ ይመጣል፤ በሁለተኛው ፋይሉ አሻራው ወዳለበት ይሄዳል። በጉዳዩ ላይ የሚጻፉ ጽሑፎች ይህን ልዩነት እንደ ተራ የአሠራር ምርጫ ያልፉታል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ሌላው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ይወሰናል የሚል ነው።

የመስኩ ታሪክ እዚህ በአጭሩ ይበቃል። ፍሬድ ኮኸን በ1984 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቫይረስን ሁሉ ያለ ስህተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል አሳየ። ክላም ኤቪ የተባለው ነፃ አንቲቫይረስ በሊነክስ ሰርቨሮች ላይ ተስፋፋ። የተላከለትን ፋይል የሚፈትሸው ቫይረስ ቶታል የተባለ አገልግሎት በ2004 ስፔን ውስጥ ተጀምሮ በ2012 ጉግል ገዛው።

ሙግት የሚያሻው ጆን ኦበርሃይድ፣ ኢቫን ኩክና ፋርናም ጃሃኒያን ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ2008 ያቀረቡት «ክላውድ ኤቪ» የተሰኘ ጥናት ነው። ፍተሻው ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ተነሥቶ በኔትወርክ ለሚገኝ አገልግሎት ይሰጥ፣ በዚያም አሥር አንቲቫይረሶችና ሁለት የባህርይ መመርመሪያዎች ጎን ለጎን ይሥሩ ይላል። በ7,220 ናሙናዎች ላይ 98 በመቶውን ለይቷል፤ በአዳዲስ ጥቃቶች ላይ ከአንድ አንቲቫይረስ የ35 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። ቁጥሮቹ አይካዱም። የሚያከራክሩት ቁጥሮቹ የቆሙባቸው ሦስት ግምቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ግምት አገልግሎቱ ቅርብ ነው የሚለው ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይህ እውነት ነው። ካርቲየ 4 ግን፣ በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት ነባር ሰፈሮች አንዱ፣ ሌላ ነገር ያሳያል። የኢትዮጵያን ጭነት የሚያስተናግድ አንድ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ በዚያ አለ እንበል፤ የኢሜይል ሰርቨሩንም እዚያው ከተማ ካለ ዳታ ሴንተር ተከራይቷል። ከተማዋ በኬብል ድሃ አይደለችም፤ ሲኮም፣ ኢሲ፣ ኤኤኢ-1 እና ሌሎችም የባሕር ውስጥ መስመሮች ዳርቻዋ ላይ ይወጣሉ። ሆኖም በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ በአንድ ሰሞን ተጎድተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በውጭ አገልግሎት ላይ የተንጠለጠለ ሰርቨር ምርጫው ሁለት ነው፦ ፋይሉን ሳይፈተሽ ማሳለፍ ወይም ሥራውን ማቆም። አሻራው በራሱ ዲስክ ላይ ያለ ሰርቨር ግን በትናንቱ አሻራ ዛሬም ይፈትሻል። ሰርቨሩም አገልግሎቱም አውሮፓ ውስጥ ከሆኑ ይህ ነጥብ ይወድቃል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ይቆማሉ።

ሁለተኛው ግምት ፋይሉን ለሌላ መስጠት ጉዳት የለውም የሚለው ነው። ለቢሮው የሚገባው ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ የአስመጪው የንግድ ፈቃድና የሾፌሩ ፓስፖርት ቅጂ ነው። የሰው ሰነድ ነው፤ ቢሮው በአደራ ተቀበለው እንጂ የራሱ አይደለም። ቫይረስ ቶታል የተላከለትን ፋይል ከአንቲቫይረስ ኩባንያዎችና ከሚከፍሉ ደንበኞቹ ጋር ይጋራል፤ ይህንንም ራሱ በግልጽ ያሳውቃል። በ2023 የገዛ ሠራተኛው ወደ 5,600 የሚጠጉ ደንበኞችን ስም የያዘ ፋይል በስህተት እዚያው ላይ ጭኖ ስሞቹ አፈትልከዋል። አገልግሎቱን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ከተሳሳተ፣ በቀን መቶ ኢሜይል የምትከፍት ጸሐፊ እንዳትሳሳት መጠበቅ አይቻልም። ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታ መረጃ ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ደንግጋለች። ፋይሉ ሳይሆን ከይዘቱ የሚሰላው አጭር መለያ (ሃሽ) ብቻ ይላክ የሚለው ተቃውሞ አያስኬድም። ሃሽ የሚጠቅመው ፋይሉ ከዚህ በፊት የታወቀ ሲሆን ነው፤ ዛሬ ጠዋት ለዚህ ቢሮ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ በማንም መዝገብ ውስጥ የለም።

ሦስተኛው ግምት መርማሪ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የተዘነጋ ምንጭ አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2014 እንደዘገበው፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2013 የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሃኪንግ ቲም በተባለ ኩባንያ ሰላይ ሶፍትዌር ተሞክሮባቸዋል። ከተላኩት አንዱ የሰነድ መልክ የተሰጠው ፕሮግራም ነበር። ዘገባው ስለ ስለላ እንጂ ስለ ሰርቨር ስላልሆነ የፍተሻ ባለሙያዎች አያነሡትም። ለአንድ ሰው ታልሞ የተሠራ ፋይል በሺዎች ከተሠራጩ ናሙናዎች የተወሰደ አሻራ አይለየውም፤ አሥር መርማሪዎችም በአንድነት ሊስቱት ይችላሉ። «በሰነድ ስም ፕሮግራም አይገባም» የሚል አንድ ደንብ ግን አሻራ ሳያስፈልገው በሩ ላይ ያስቀረዋል። ፋይሉ የመጣው በስካይፕ ነው ቢባል፣ የማታለያው መንገድ በኢሜይልም ያው ነው።

አሻራውን ወደ ፋይሉ ማምጣት ግን ዋጋ አለው። ክላም ኤቪ አሻራዎቹን በሙሉ ሜሞሪ ላይ ይጭናል፤ ይህ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል። አዲስ አሻራ ወርዶ ሲጫን አሮጌው እስኪለቅ ድረስ ሁለቱ አብረው ስለሚቆዩ ፍላጎቱ ለጊዜው እጥፍ ይሆናል። ሜሞሪው በሞላ ጊዜ ሊነክስ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። የኢሜይል ሰርቨሩ «መርማሪ ከሌለ አሳልፍ» ተብሎ ከተቀናበረ ደብዳቤው ሁሉ ሳይፈተሽ ይገባል፤ ማንም አያውቅም። መፍትሔው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ መከራየት፣ ካልተቻለም ሁለቱን አብሮ መጫንን ማጥፋትና መርማሪው በሌለበት ደብዳቤውን በወረፋ ማቆየት ነው። ሌላም አደጋ አለ፦ ከመጠን ወሰኑ ያለፈ ፋይል በነባሪው ቅንብር ሳይፈተሽ ታልፎ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። መርማሪው መሥራቱን ለማወቅ ኤይካር የተባለውን 68 ፊደላት ብቻ ያሉትን ምንም ጉዳት የሌለው የሙከራ ፋይል ዚፕ ውስጥ አድርጎ ከስልክ ወደ ቢሮው ኢሜይል መላክ ይበቃል። ከገባ በሩ ክፍት ነው።

ከሚሺጋኑ ጥናት ሳይነካ መወሰድ ያለበት አንድ ግኝት አለ፦ አንድ አንቲቫይረስ አዲስ ጥቃትን ለመለየት በአማካይ 48 ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የተፈተሸ ፋይል በኋላ እንደገና መፈተሽ አለበት። ጥናቱ ይህን ለማእከላዊው አገልግሎት ሰጥቶታል፤ ሆኖም ፋይሎቹ ያሉት ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ የሌሊት ፍተሻ ያለ ምንም ዝውውር ይሠራዋል። ዲስኩን በሙሉ በየሌሊቱ መፈተሽ ትንሽ ሰርቨርን እስከ ንጋት ያደክማል፤ ጭነት የሚጠብቁት ደግሞ በማለዳ ይደውላሉ። 48 ቀን አማካይ በመሆኑ ባለፉት ሦስት ወራት የገቡት በየሌሊቱ፣ ከዚያ የቆዩት ዓርብ ቢሮው ተዘግቶ ሲውል ቢፈተሹ ይበቃል።