ከአዳራሽ ወደ አስፋልት፦ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል

የኖቲንግ ሂልን ካርኒቫል ማን እንደጀመረው መጠየቅ በለንደን ካሪቢያውያን ዘንድ ጠብ መጫር ነው። አንዱ ክላውዲያ ጆንስ ይላል፤ ሌላው ሮን ላስሌት። ሁለቱንም ትቶ ራስል ሄንደርሰንን የሚጠራም አለ። ክርክሩ አለመብረዱ አያስገርምም፤ ሦስቱም ወገኖች የያዙት እውነት አላቸው።

ነገሩ የተነሣው ከዱላ ነው። በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢምፓየር ዊንድራሽ የተባለችው መርከብ ቲልበሪ ወደብ ከደረሰች ወዲህ ለሥራ ወደ እንግሊዝ የጎረፉት ካሪቢያውያን፣ ሥራ ቢያገኙም ቤት የሚያከራያቸው አጡ። የምዕራብ ለንደኑ ኖቲንግ ሂል ያኔ ቤቱ ያረጀ፣ ነዋሪው የደኸየ ሰፈር ነበር። እንደ ፒተር ራክማን ያሉ አከራዮች በየክፍሉ ሰው እያጨቁ ኪራዩን ያስወድዱ ነበር። በ1958 ኦገስት መጨረሻ ላይ ነጭ ጎረምሶች ብረትና ዱላ ይዘው ጥቁሮችን በየመንገዱ አሳደዱ፤ መስኮታቸውን ሰባበሩ። ሁከቱ ሳምንት ያህል ቆየ። በዓመቱ ሜይ ላይ ደግሞ ኬልሶ ኮክሬን የተባለ የአንቲጓ አናጺ እዚያው ሰፈር በስለት ተወግቶ ሞተ። በግድያው እስከዛሬ የተፈረደበት የለም።

ክላውዲያ ጆንስ ትሪኒዳድ ተወልዳ ኒውዮርክ ያደገች፣ በኮሚኒስትነቷ ታስራ በ1955 ከአሜሪካ የተባረረች ሴት ናት። ብሪክስተን ውስጥ ከአንድ ሙዚቃ ቤት በላይ ባለ ክፍል ዌስት ኢንዲያን ጋዜት የተባለውን ጋዜጣ ታዘጋጅ ነበር። ከሁከቱ በኋላ ወገኖቿን ያሰባሰበችው ግን በጭፈራ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1959፣ ብርዱ ደጅ በማያስቆምበት ወቅት፣ ሴንት ፓንክራስ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል ደገሰች። የካሊፕሶ ዘፈን፣ ውዝዋዜና የቁንጅና ውድድር ነበረው፤ ቢቢሲም በቴሌቪዥን አሳየው። ከፕሮግራሙ መጽሔት ሽያጭ የተወሰነው በሁከቱ ተከሰው ለተቀጡ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች መቀጮ እንደሚውል በዚያው መጽሔት ላይ ታትሟል። ነጮቹም ጭምር መታሰባቸው ስለሴትዮዋ ብዙ ይናገራል። በ1964 በ49 ዓመቷ ስትሞት ሃይጌት መካነ መቃብር፣ ከካርል ማርክስ አጠገብ ተቀበረች። ድግሷ በየዓመቱ ቢቀጥልም ከአዳራሽ አልወጣም ነበር።

ወደ ጎዳና ያወጣችው የሰፈሩ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሮን ላስሌት ናት። በ1966 ያሰበችው የካሪቢያን በዓል አልነበረም፤ አየርላንዳዊውም ስፔናዊውም አፍሪካዊውም ከካሪቢያኑ ጎረቤቱ ጋር የሚቀላቀልበት፣ ልጆች የሚደሰቱበት የሰፈር ድግስ እንጂ። እንግዳ ሆነው ከተጠሩት መካከል የራስል ሄንደርሰን የስቲል ፓን ባንድ ይገኝበታል።

ስቲል ፓን እናቶቻችን ውሃ ከሚያጠራቅሙበት በርሜል የተለየ አይደለም። የነዳጅ በርሜል ቂጡ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱ ላይ የሚወጣው እያንዳንዱ እብጠት የራሱን ቃና ይሰጣል። የተፈለሰፈው ትሪኒዳድ ውስጥ ነው። የእንግሊዝ ገዢዎች ከካርኒቫል ጨፋሪዎች ጋር ከተነሣው የ1881ዱ የካንቡሌ ግጭት በኋላ ከበሮ ሲከለክሉ፣ ድሃው ሕዝብ ቀርከሃ መሬት ላይ እየመታ ጨፈረ። በ1930ዎቹ ቆርቆሮና ጣሳ፣ ቀጥሎም በርሜል ያዘ። ከሄንደርሰን ጋር ይጫወት የነበረው ስተርሊንግ ቤታንኮርት ለንደን የገባው በ1951፣ ለፌስቲቫል ኦቭ ብሪተን ከተላከው የትሪኒዳድ ባንድ ጋር ሲሆን እዚያው ቀረ።

በ1966ቱ የላስሌት ድግስ ቀን ነገሩ ቀዝቀዝ ሲልበት ሄንደርሰን መከለያውን ገፋ አድርጎ ባንዱን ይዞ መንገድ ወጣ። ፓኑ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እየመቱ ይሄዳሉ። የተወሰነ መስመር አልነበራቸውም፤ አውቶቡስ ሲመጣ ወደሌላ መንገድ ይታጠፋሉ። ሴቶች የገዙትን አስቤዛ እንደያዙ ጥቂት ይከተሉና ቤታቸው ሲደርሱ ይለያሉ፤ ሌሎች ይተካሉ። ካርኒቫል በትሪኒዳድ ልማድ እየተጓዙ የሚጨፍሩት ነውና፣ ጀማሪ መምረጥ ግድ ቢሆን ይህ ጸሐፊ ለሄንደርሰን ያደላል።

በ1973 ዝግጅቱን የተረከበው የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሌስሊ ፓልመር ጄኔሬተር አስገባ፤ ሬጌ የሚያጫውቱትን የጃማይካውያኑን ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች፣ ሳውንድ ሲስተሞቹን፣ በየጥጉ አቆመ። ከሬጌው ጋር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይም መጣ፤ የኢትዮጵያን ባንዲራ ቀለማት ራስታዎቹ የራሳቸው ካደረጓቸው ቆይተዋል። በጥቂት ዓመታት ታዳሚው ከ150,000 በላይ ሆነ ተባለ። ፖሊስም እንዲሁ በዛ። በ1976 ሦስት ሺህ ያህል ፖሊስ ተሰማርቶ ሳለ ኪስ አውላቂ ለመያዝ የተደረገ ሙከራ ወደ ድንጋይ ውርወራ ተለወጠ። ጋሻ ያልነበራቸው ፖሊሶች የቆሻሻ በርሜል ክዳን አንስተው ተከላከሉ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑትም ተጎድተው ሆስፒታል ገቡ። በዓሉ ይታገድ የሚለው ጩኸት የተጠናከረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዛሬ በኦገስት መጨረሻ እሑድና ሰኞ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይመጣል ይባላል። በ2017 የተቃጠለው ግሬንፌል ሕንፃ እዚያው አካባቢ ነው፤ ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ለእነሱ መታሰቢያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የካርኒቫሉ ሙዚቃ ሁሉ ለ72 ሰከንድ ይቆማል፤ ከዚያ ጭፈራው ይቀጥላል።

ሰፈሩ ራሱ ግን ሌላ ሆኗል። በየክፍሉ ሰው ይታጨቅባቸው የነበሩት ቤቶች ዛሬ ሚሊዮን ፓውንዶች ያወጣሉ። ብዙ ባለቤቶች በዓሉ ሲደርስ መስኮታቸውን በኮምፔርሳቶ አሽገው ከከተማ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ የካሪቢያን ልጆች ደግሞ ከሌላ ሰፈር በባቡር ይመጣሉ። በዓሉ ሃይድ ፓርክ ይሂድ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል፤ አዘጋጆቹ ግን አልተቀበሉትም። በ2025 ገንዘብ አጥሮ መካሄዱ አጠራጥሮ ነበር። የከተማው አስተዳደርና ሁለቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ሲያዋጡ ፓኑም ሳውንድ ሲስተሙም እንደወትሮው ወጣ።