የላሊበላ ጠባቂ ማነው?

ስለ ላሊበላ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ «ማን ፈለፈለው?» በሚል ጥያቄ ይጀምርና በዚያው ያልቃል። ንጉሡ ነው፣ መላእክት አግዘውታል፣ የባዕድ እጅ አለበት እየተባለ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ ግን ወደ ጎን ተትቷል። ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከ13ኛው መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ ማን ጠበቀው? ድንጋይ እንደሆነ ራሱን አይጠብቅም።

እስቲ አሠራሩን እንመልከት። አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈለፈሉ ናቸው። እንደ ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ጊዮርጊስ ያሉት ደግሞ ዙሪያቸው ከላይ ወደ ታች ተቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤት ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ ይሰበስባል። ጠራቢዎቹ ይኸንን አውቀው ነው የውሃ መውረጃ ቦይ አብረው የቆፈሩት። ቦዩ ከተደፈነ ውሃው ይተኛል፤ ዐለቱ ይመጠዋል፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። እንግዲህ በየዘመኑ አንድ ሰው አካፋ ይዞ መውረድ ነበረበት ማለት ነው። የዚያ ሰው ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጻፈም። ሆኖም ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲደርስ ሕንጻዎቹን ቆመው አግኝቷቸዋል። ያየውን ሲጽፍም የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ሠግቶ ነበር።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገው እድሳት ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ የአንዳንዶቹም ገጽ በሬንጅ ተለብጦ በላዩ ቀይ ቀለም ተቀባ። የሠሩት ሰዎች ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ዝናቡን ለመከላከል ነበር። ነገር ግን ዐለቱ ይተነፍሳል። ሬንጁ ከውጭ የሚመጣውን ውሃ ሲከለክል ውስጥ የገባውን እርጥበት ደግሞ እንዳይወጣ አፈነው።

ይኸንን ለማስተካከል የመጣው አንድ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ኢንተርናሽናል ፈንድ ፎር ሞኑመንትስ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውዮርክ ውስጥ ጀምስ ግሬይ በተባለ ጡረተኛ ኮሎኔል የተቋቋመ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ላሊበላ ነበር። ዛሬ ዎርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ይባላል። ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ሥራውን መራ። ሬንጁ እንዲነሣ፣ አፈር የሞላው ጉድጓድ እንዲጠረግ፣ ውሃው መውረጃ እንዲያገኝ ተደረገ። ልብ በሉ! ከባሕር ማዶ የመጣው ባለሙያ ካደረገው ውስጥ ትልቁ ነገር የጥንቱን ጠራቢ ሐሳብ መመለስ ነው። በሌላ በኩል ጉድጓዱ አፈር መሙላቱ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። የአካባቢው ሰው ፍቅር ብቻውን፣ ገንዘብና ሙያ ካልታከለበት፣ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላ በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ስፍራዎች ጋር ተጻፈ። ስሙ ገነነ፤ ጎብኚው በዛ፤ ባለቤቱ ግን እየራቀ ሄደ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ለቅርሱ ሲባል ከቦታቸው ተነሡ። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት ምሰሶ ያላቸው አራት መጠለያዎች ተተከሉ። ዝናቡን ለጊዜው እንዲከላከሉ ታስቦ ነበር። ጊዜያዊው ግን ሰነበተ። የከተማው ሰው የብረቱ ክብደት ዐለቱን እንዳይጎዳ ፈራ፤ በ2018 አደባባይ ወጥቶ ይነሣልን አለ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ?

እዚህ ላይ አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ፈረንጅ ይውጣ ነው የምትለው?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ያው ማኅበር በ2010ዎቹ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ሲጠግን የአካባቢውን ሰዎች በሙያው አሠልጥኗል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መጠለያው የአገሬውን ሰው ከታች ቆሞ ተመልካች አደረገው፤ ሥልጠናው ግን መሮውን በእጁ አስጨበጠው። ባለሙያው ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። ክረምቱ ግን በየዓመቱ ይመጣል። ስንጥቁን ሰኔ ላይ አይቶ ለሐምሌ የሚደርስለት እዚያው የሚያድር ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የሠለጠኑት የላስታ ልጆች ፕሮጀክት ሲመጣ ብቻ የሚጠሩ የቀን ሠራተኞች መሆን የለባቸውም። ቋሚ ሥራና ደመወዝ ይገባቸዋል። የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ድርሻም አለ። ደብተር ይዘን ሽማግሌዎቹንና ካህናቱን እንጠይቅ፤ ቦዩን ማን ይጠርግ ነበር? በየስንት ጊዜው? በማን ትእዛዝ? ይኸ ካልተጻፈ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ መቃብር መውረዱ ነው።