አልሳዱ፦ የበረሃ ኑሮ የወለደው የሽመና ጥበብ

አልሳዱ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የበዱዊን ሴቶች ባህላዊ የሽመና ጥበብ ነው። ወንዶች የበግ፣ የግመልና የፍየል ጠጉር ይሸልታሉ፤ ሴቶች ፈትለውና ቀለም ነክረው ይሸምናሉ። ኑሯቸው ከቦታ ቦታ መዘዋወር ስለነበረ የሽመና መሣሪያው መሬት ላይ የሚዘረጋ፣ በጉዞ ጊዜም ተነቅሎ የሚጫን ነው። በዚህ መሣሪያ የሚሠራው ጨርቅ ጠባብና ረጅም በመሆኑ ለድንኳን ሲፈለግ ጎን ለጎን ይሰፋል። በጥቁር፣ በነጭ፣ በቡናማና በቀይ የጂኦሜትሪ ቅርጾችም ያጌጣል።

የነዳጅ ዘይት ሀብት የአገሩን ኑሮ ሲለውጥና ሕዝቡ በከተማ ሲሰፍር ድንኳኑ ቀረ፤ ሙያውም በአብዛኛው በዕድሜ በገፉ ሴቶች እጅ ብቻ ተወሰነ። በመሆኑም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 አልሳዱን አስቸኳይ ጥበቃ በሚያሻቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል።