ጨውና የማይታየው ብርሃን

ጅጅጋ ከተማ ከመሆኗ በፊት የሲራራ ማረፊያ ነበረች። እንግሊዛዊው የባሕር መኰንን ባርከር እ.ኤ.አ. በ1842 ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ማደሪያዎች መካከል ጠቅሷታል። ከጠረፍ ወደ ደጋው በግመል ከሚወጣው ሸቀጥ አንዱ ጨው ነበር። ባለግመሉ ጨውን ለምግብና ለንግድ ሲያጓጕዝ፣ በዚያው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ይህንኑ ማዕድን ለሌላ ተግባር ይፈልጉት ነበር።

ዊልያም ሄርሽል እ.ኤ.አ. በ1800 ከቀዩ ብርሃን ማዶ ለዓይን የማይታይ፣ በቴርሞሜትር ግን የሚታወቅ ጨረር መኖሩን አገኘ። ይኸውም ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የሚባለው ነው። ተራ መስተዋት ከ3 ማይክሮሜትር አካባቢ በላይ ያለውን ጨረር ስለሚያግድ ጥናቱ ብዙ ሊራመድ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጣሊያናዊው ማቸዶኒዮ ሜሎኒ ጥርት ያለ የድንጋይ ጨው ይህን ጨረር እንደሚያሳልፍ አሳየ። የጨው ፕሪዝም እስከ 15 ማይክሮሜትር ገደማ ያገለግላል። አሜሪካዊው ኮብለንትዝ እ.ኤ.አ. በ1905 የብዙ ውሁዶችን የታሕተ ቀይ ስፔክትረም ያሳተመው በዚሁ ዓይነት ፕሪዝም ተጠቅሞ ነው።

ይሁን እንጂ እንከን የሌለበት ትልቅ የተፈጥሮ ጨው እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ክሪስታሉን ማሳደግ ግድ ሆነ። ኪሮፑሎስ እ.ኤ.አ. በ1926 ቀዝቃዛ ዘንግ ከቀለጠው ጨው ገጽ ጋር በማገናኘት ነጠላ ክሪስታል የሚያድግበትን ዘዴ አቀረበ። ብሪጅማን በ1925 የጀመረውን፣ ማቅለጫውን ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ስፍራ ቀስ በቀስ የማውረድ ዘዴ ደግሞ ስቶክባርገር በ1936 አሻሻለው። ጨው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ችግሩ ግን ከማቅለጡ ይልቅ በማቀዝቀዙ ላይ ነው። ባለሙያው ከቸኰለ በውስጡ የሚቀረው ውጥረት ክሪስታሉን ይሰነጥቀዋል።

ማለስለሱም ትዕግሥት ይጠይቃል። ክሪስታሉ በተፈጥሮ መሰንጠቂያው አቅጣጫ በስለት ይፈለጣል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ በመጨረሻም አልኮል በነካው ጨርቅ ይወለወላል። ውኃ ያጠፋዋል፤ የእጅ ላብ እንኳ ያደበዝዘዋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ ጨው እርጥበት ስቦ መሟሟት ይጀምራል።

እነዚህን ሁለት ጠላቶች፣ ስብራትንና እርጥበትን፣ የአገራችን ነጋዴ ከጥንት ያውቃቸዋል። ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ እየተቈረጠ እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ ከተሰበረ ወይም ከሟሟ ዋጋው ይቀንስ ነበር። የጨውን ጠባይ ማወቅ ለእኛ ባዕድ አልነበረም፤ የጐደለን ያንን ዕውቀት ወደ መሣሪያ ሥራ ማሸጋገሩ ነው።

ዛሬ ጀርማኒየምን የመሳሰሉ እርጥበት የማይጐዳቸው ክሪስታሎች ቢበዙም፣ የጨውና የፖታሲየም ብሮማይድ ክፍሎች ከቤተ ሙከራ አልወጡም። ጭጋግ የለበሰ የጨው መስኮት ደግሞ ሁልጊዜ የሚጣል አይደለም፤ የሠለጠነ እጅ መልሶ ያጠራዋል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ በየክልሉ ያሉት ተቋሞቻችን ይህን ሙያ በወርክሾፖቻቸው ቢያስተምሩ፣ ለዚሁ የሚያስፈልገው ጥቂት አልኮል፣ ንጹሕ ጨርቅና ደረቅ ክፍል ነው። የጅጅጋ የበጋ አየር በበኩሉ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚወጣበትን ዕቃ ዕድሜ ማራዘም የማኅበራችን አባላት በእጃቸው ያለ ተግባር ነው።